ሸጋ ነው ያልኩት ማሽን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017

ዛሬ ሥራ ላይ ልቤ አልረጋም። አዲስ ስለገዛሁ አሮጌውን የመኪና ፖሊሽ ማሽኔን ትናንት ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ አወጣሁት። «ብዙ ያልሠራ፣ ፍጥነቱ የሚስተካከል» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶውንም ከኢንተርኔት ወሰድኩ። የኔው ማሽን ግን ፍጥነቱ አይቀንስም፤ ክረምት ላይ የደንበኛዬን መኪና የኮፈን ቀለም ያቃጠለው እሱ ነው።

ጠዋት አንድ አዛውንት ከደባርቅ ደወሉ። «ልጄ የመኪና ቀለም ሥራ ተምራ ጋራዥ ልትከፍት ነው። እኔ ማሽን አላውቅም፤ ሸጋ ነው ካልከኝ ይበቃኛል» አሉ።

«ሸጋ ነው፣ ጎንደር ይምጡ» ብዬ የሥራ ቦታዬን ነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ የመኪና በር መወልወል አቃተኝ። ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት። አመሻሽ ላይ መልሼ ስደውል ስልኩን ልጃቸው አነሳችው።

«የጻፍኩት እውነት አይደለም። ማሽኑ ቀለም ያቃጥላል፤ አባትሽ እንዳይመጡ ንገሪያቸው» አልኳት።

«አባቴማ ተነሥቷል። ጠዋት ጎንደር ለመግባት ዳባት ዘመድ ቤት ያድራል። ስልኩን ደግሞ ለኔ ትቶልኛል፤ ዘመዳችንም ስልክ የለውም» አለችኝ።

ማስታወቂያውን አጥፍቼዋለሁ። ሰውየው ግን እየመጡ ነው።