ውይይቱ ተዘግቷል

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ስካርቦሮ

ዛሬ በገዛ ቤቴ አፈርኩ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ጌታቸው እኛ ዘንድ ምሳ በሉ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ነበርን። የአሜሪካ ነገር ተነሣና እኔ፣ «አደንዛዥ ዕፅ የከለከሉት ለሕዝቡ ጤና አስበው ነው» አልኩ።

ልጄ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው የምታጠናው። «አባ፣ እንደዛ ብቻ አይደለም» አለች። «ሳንፍራንሲስኮ መጀመሪያ የዘጉት ቻይናዎቹ ኦፒየም የሚያጨሱበትን ቤት ነው። ነጮቹ በጠርሙስ የሚጠጡት ኦፒየም ግን ፋርማሲ ይሸጥ ነበር። ባለፈው ስለ ቬትናም ጦርነት ያልከኝንም ቼክ አድርጌዋለሁ፣ አንተ እንደምትለው አይደለም...»

ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁና «በቃ! ውይይቱ ተዘግቷል!» አልኩ።

ጋሽ ጌታቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንዴ! ስካርቦሮም ካድሬ አለ እንዴ?»

ያኔ ነው የገባኝ። በየሳምንቱ ለውይይት ክበብ ሰብስቦን፣ ጥያቄ የሚያነሣ ሲገኝ የቀበሌው ካድሬ ጠረጴዛ እየመታ ይላት የነበረችው ቃል ናት። አገሬን ጥዬ የወጣሁት እሱን ሸሽቼ ነው። እሱስ እንጀራው ነበር፤ እኔን ለአሜሪካ ጠበቃ ማን አቆመኝ? ስለ ነገሩ ያነበብኩት አንድ መጽሐፍ እንኳ የለም።

እንግዳችን ሲሄዱ የሜሮንን በር አንኳኳሁ። «ያልሽው እውነት ሊሆን ይችላል» ልላት ነበር። አፌን ሳልከፍት፣ እሷም ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «እሺ አባ፣ ልክ ነህ» አለችኝ።

እኛም ለካድሬው የምንለው ይህንኑ ነበር።