የጨረቃ ብረት

ናታንያ፣ እስራኤል፣ ረቡዕ፣ 12 ፌብሩዋሪ 1997

ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር አለኝ። ልጅ ሳለሁ ጎንደር ገበያ አባቴ የቀጠቀጠውን ማረሻ ሲሸጥ አንዲት ሴት «ያ ቡዳ አባትሽ ነው?» አለችኝ። «አላውቀውም» አልኳት። አባቴ ሰምቷል፤ እስኪሞት ድረስ ግን አላነሳብኝም። ባሌ ልጃችን በለጡ ሳትራመድ ሞተ፤ ብቻዬን ሳሳድጋት አያቷ ሸማኔ ነበር አልኳት።

ዛሬ ከሲፍሪያ፣ ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት፣ የተዋስኩትን የዕብራይስጥ መጽሔት ቀስ እያልኩ ሳነብ ስለ ጨረቃ አፈር አገኘሁ። ከሰማይ የሚወርዱ ደቃቅ ድንጋዮች ሲመቱት አፈሩ ቀልጦ መስታወት ይሆናል። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን የማያየው የብረት ብናኝ አለ። አፈሩን የሚያጠቁረውም እሱ ነው። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ወናፍ የሚነፋ ሰው በሌለበት አገር ብረት!

ከሰዓት በኋላ በለጡ ስትመጣ ነገርኳት።

«ኢማ፣ ዛሬ ደግሞ ጨረቃ ላይ ወጣሽ?»

«ወጥቼ ብረት አገኘሁ።»

«ጥጥ ብታገኚ ይሻል ነበር። ለሸማኔ ልጅ ብረት ምን ያደርግላታል!»

አብረን ሳቅን። «ሸማኔ አልነበረም» ልላት አፌን ከፈትኩና «ሻይ ጨምሪልኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ከሄደች በኋላ፣ ጨረቃ በብረቷ ካላፈረች እኔ ምን ሆኜ ነው አልኩ። በቃል ካቃተኝ ታንብበው። ይህን ገጽ ቀድጄ ለሰንበት ስትመጣ የምሰጠው የቀጥቃጩ የይርጋ የልጅ ልጅ ለሆነችው ለበለጡ ነው።