የተኳረፉ ሴቶች በአንድ ጀልባ

ረቡዕ፣ ሳቫና

ራህመት አንድ እግሯን ጀልባዋ ላይ አሳርፋ ሁለተኛውን ሳታነሳ አስካለን አየቻት። እዚያው ቀረች። ጀልባ ደግሞ ቆማ አትጠብቅም፤ ከመድረኩ መራቅ ጀመረች። ወይ መግባት ወይ መውደቅ ነበር ምርጫዋ። ገባች። አስካለ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

የእኔ ሥራ መሆኑ ለሁለቱም ወዲያው ገባቸው። አስካለን "ነይ፣ ጀልባ ላይ ትንሽ ቀን እንረፍ" አልኳት። ራህመትንም ያንኑ አልኳት። ሌላ ማን አለ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ራህመትን ባሏ አድርሷት ወደ አትላንታ ተመልሷል። አስካለ የመጣችው በእኔ መኪና ነው፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። የትም አይሄዱም።

ጀልባዋ የሚስተር ጆን ናት። አትላንታ፣ ብሩክሄቨን ሰፈር ቤታቸው እየተመላለስኩ አራት ዓመት ተንከባክቤያቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ሁለት ሰመር ሐይቅ ላይ ይዘውኝ እየወጡ ባለሸራ ጀልባ መንዳት አስተማሩኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዕውቀቱ የእሳቸው፣ ጉልበቱ የእኔ ነበር። አሁን ፍሎሪዳ፣ ፈርናንዲና፣ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ሳቫና የቀረችውን ጀልባዬን አምጪልኝ አሉኝ። "ውቅያኖሱ ውስጥ እንዳትገቢ። በደሴቶቹና በየብሱ መሃል ያለውን የውሃ መንገድ ይዘሽ ቀስ እያልሽ ነይ።" አምስት ቀን ይፈጃል አሉ።

እራት ላይ ራህመት የምስር ሳምቡሳ አወጣች። ለእኔ ዘረጋችልኝ። አስካለ አጠገቤ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ለእሷ አልተዘረጋላትም፣ እሷም እንዳላየች ሆነች። ሦስታችንም በዲቪ በአንድ ዓመት የመጣን ነን፤ አትላንታ ዳር፣ ስኮትዴል፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። ራህመት ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን። ስጋ ስለማንጋራ፣ አንዷ ሌላዋን እያየች እንዳትበላ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ የጾም ምግብ ብቻ ነው የተሠራው። ያንን ያደረጉ ሴቶች ዛሬ ሳምቡሳ መሰጣጣት አቃታቸው።

ሐሙስ

ጠዋት ሳምቡሳው ሁለት ጎድሏል። ራህመት ጠዋት ጠዋት እህል አትቀምስም። እኔ አልበላሁም።

የቀኑ ሥራ ክፍፍል፦ አስካለ መሪ ላይ። የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ መንዳት ከጀመረች አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ መሪውን ስሰጣት "ፍሬኑስ?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ራህመት ገመድና የጥልቀት መለኪያው። እኔ ሸራው፣ ሞተሩ፣ ካርታው፣ እና አስተርጓሚነቱ።

አስተርጓሚነቱ ከሁሉ ያደክማል። "ገመዱን ትልቀቀው በያት።" "ለምን እንደሆነ ጠይቂያት።" "ዝም ብላ ትልቀቀው በያት።" ጀልባዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር እርምጃ ብትሆን ነው፤ ጉልበታችን ለጉልበት ይነካካል። አማርኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ዋልኩ።

ከተኳረፉ ሰባት ወራቸው ነው። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ ስለማላውቅ እዚህ ልጻፈው።

አስካለ ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘባት በጥር ነው። ለእኔ ነገረችኝ። ለራህመት ግን አፏ እምቢ አላት፤ የራህመት እህት በዚሁ በሽታ ደሴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም ነበር። "አንቺ ንገሪልኝ፣ ቀስ ብለሽ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ቡፎርድ ሃይዌይ፣ የራህመት ልብስ ማስተካከያ ሱቅ ድረስ ሁለቴ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሞልቶ ነበር። ሁለተኛው ቀን ማንም አልነበረም። ስለ ቀሚስ አውርተን ተመለስኩ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ኦፕራሲዮኑ ደረሰ።

ራህመት የሰማችው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቀሚስ ልታሳጥር ከመጣች ደንበኛ ነው። "ለካ እኔ ባዳ ነኝ" ብላ አኮረፈች። አስካለ ደግሞ እስከ ዛሬ ራህመት እያወቀች ሳትጠይቀኝ ቀረች ብላ ታምናለች። አንዷ የሌላዋን ይቅርታ ትጠብቃለች። እኔ መሃል ቆሜ ሁለቱንም "ጊዜ ስጪው" እላለሁ። ጊዜ የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር።

እዚህ ያመጣኋቸው ልነግራቸው ነው። ስነግራቸው ሁለቱንም አጣቸው ይሆናል። ፈርቻለሁ።

ዓርብ

አልነገርኳቸውም። ነፋስ ነበር፣ ሥራ ነበር፣ ምክንያት ሞልቶ ነበር።

ግራ ቀኙ ሁሉ ሳር የበቀለበት ረግረግ ነው። የውሃውን መንገድ የሚያሳዩ ቀይና አረንጓዴ ምልክቶች እየቆጠርን መሃል ለመሃል እንሄዳለን። ነፋሱ ሲቆም በዓይን የማይታዩ ተናካሽ ዝንቦች ይመጣሉ። አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጠምጥማ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ስትነዳ ዋለች። አጠገባችን ያለፉ ፈረንጆች ሰላም ማለቱን ትተው ፎቶ አነሱን።

ሸራው በስፌቱ በኩል አንድ ክንድ ያህል ተቀደደ። እኔ ልደነግጥ ስል ራህመት ከቦርሳዋ መርፌና ወፍራም ክር አወጣች፤ ያለ መርፌ ከቤቷ አትወጣም። ጨርቁ ግን ነፋስ እየገባበት እምቢ አላት። አስካለ መሪውን ለእኔ ሰጥታ ሄደች፤ ተቀምጣ ጨርቁን በሁለት እጇ ወጠረችላት። ሃያ ደቂቃ ያህል አንዷ ወጠረች፣ አንዷ ሰፋች። ቃል የለም። ሲያልቅ ራህመት ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ አስካለ ተነስታ ወደ መሪዋ ተመለሰች።

ከሰዓት መልሕቅ ጥለን ራህመት ለስግደት ምንጣፏን አነጠፈች። ታጥባ፣ ውዱ አድርጋ ስትመለስ ውሃው ጀልባዋን አዙሯታል። አስካለ ኮምፓሱን አየችና፣ "ሮማን፣ ጀልባዋ ዞራለች። አሁን በዚህ በኩል ነው በያት" አለችኝ። ምኑን እነግራታለሁ? ሰምታ ምንጣፏን እያዞረች ነበር። እነዚህን ሰዎች ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ታወቀኝ።

ሚስተር ጆን ደወሉ። ነገ የምናልፍበት ወንዝ ጥልቀት የለውም፣ ከባሕሩ ጋር በቀን ሁለቴ ይሞላል ይጎድላል፤ ሞልቶ ሳለ ብቻ እለፊ አሉ።

ቅዳሜ፣ ጭቃ ላይ

ሌላ የምሠራው ስለሌለኝ ነው የምጽፈው። ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። ውሃው ሸሽቶ፣ ተመልሶ ሞልቶ እስኪያነሳን ስድስት ሰባት ሰዓት እንጠብቃለን።

ጠዋት መልሕቁ አልነቀል ብሎን ዘገየን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው መጉደል ጀምሯል። እናልፋለን አልኩ። ሐይቅ ላይ የተማረ ሰው ውሃ ጥሎት ይሄዳል ብሎ አያስብም። እኔ ከፊት የተጠላለፈ ገመድ እፈታለሁ፤ አስካለ መሪ ይዛለች፤ ራህመት ጥልቀቱን ታነባለች። "ሮማን፣ ሰባት ጫማ ሆነ በያት። ሮማን፣ ስድስት። ሮማን፣ አምስት ሆነ በያት እንጂ።"

እኔ ከነፋሱ የተነሳ አንዱንም አልሰማሁም። አስካለ ከራህመት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበረች። መሪውን ፍንክች አላደረገችም። ጀልባዋ ቀስ ብላ፣ ለስለስ ብላ ቆመች።

"አልሰማሽም?" አልኳት።

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያስ?"

"ለእኔ አልተነገረኝማ። ላንቺ ነው የተነገረው።"

ራህመት ወደ ሰማይ እያየች፣ "እኔ ብያለሁ። መልእክቱን ያላደረሰው ሌላ ሰው ነው" አለች።

ስለ ጥልቀቱ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ሌላውን መልእክት ነው ያሰብኩት።

ቅዳሜ፣ አመሻሽ ላይ

ነገርኳቸው።

ውሃው ሲጎድል ጀልባዋ ወደ ጎን አዘመመች፤ ሦስታችንም ተንሸራተን አንድ ጥግ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደራረብን። ተነስቶ መሄጃ የለም። ዓይናቸውን ማየት ስላልነበረብኝ ረግረጉን እያየሁ ሁሉንም ተናገርኩ። አደራውን፣ ሁለቱን ቀን፣ ቀሚሱን።

መጀመሪያ የተናገረችው ራህመት ናት። "ሱቁ ባዶ ነበር ያን ቀን። ሻይ አፍልቼልሽ ነበር።" አዎ አልኩ። አስካለ "ነገርኳት ብለሽኛል" አለችኝ። "ነገርኳት አላልኩም፤ አታስቢ ነው ያልኩሽ" ልላት ፈልጌ ተውኩት። ምን ልዩነት አለው?

ከዚያ ራህመት በእኔ ላይ አሻግራ አየቻት። በሰባት ወር የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

"አመመሽ?"

"አሁን ደህና ነኝ።"

"አሁን አላልኩሽም።"

"አመመኝ። በጣም ነው ያመመኝ ራህመትዬ።"

ተላቀሱ። እኔ መሃላቸው ነኝ፤ በእኔ ላይ ተቃቅፈው። ለእኔ ያልሆነ እቅፍ መሃል መቀመጥ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ።

በኋላ ሁለቱ ተያይዘው በዘመመው መሰላል ወደ ታችኛው ክፍል ወረዱ፤ ራህመት ጠባሳውን ልታይ ነው። የሱቅ ድምጿን ሰማሁ፦ "ይሄን ስፌት ማነው የሰፋው? የእኔ ደንበኛ ብትሆኚ ፈትቼ እደግመው ነበር።" ከዚያ የአስካለ ሳቅ። ያ ከሆዷ የሚወጣው ሳቅ፣ ስኮትዴል ጎረቤት ግድግዳ የሚያስደበድብብን። አልጠሩኝም። ላይ ቀርቼ እያለቀስኩ ውሃው ሲመለስ አየሁ።

እሁድ

ኩርፊያው ወደ እኔ ዞሯል። አሁን አስተርጓሚ የሚፈልግ የለም። እነሱ ከፊት ተቀምጠው የሰባት ወር ወሬያቸውን ያወርዳሉ፤ እኔ ከኋላ ብቻዬን መሪ ይዣለሁ። በአንዲት ደሴት ዳር ስናልፍ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች አሸዋው ላይ ቆመው አየን። "እዩ፣ እዩ" አልኩ። አዩ፤ እርስ በርስ "ሲያምሩ" ተባባሉ።

ምሳ ሳቀርብ ራህመት ሳህኑን ተቀበለችኝና አልለቀቀችውም። "ብትሞትስ ኖሮ ሮማን? ሳላያት ብትሞትስ?" ይህን ጥያቄ ሰባት ወር ሙሉ ስሸሸው ኖሬያለሁ። አስካለ ወደ ውሃው እያየች፣ "ምግቡ ይቀዘቅዛል" አለች። ለማን እንዳለች አላውቅም።

ሰኞ፣ ፈርናንዲና

ደረስን። ሚስተር ጆን መድረኩ ላይ በምርኩዛቸው ቆመው ጠበቁን። ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሷት፤ የተሰፋው ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው "ይሄ ከፋብሪካው ይበልጣል" አሉ። ራህመት ኮራች። ጭቃ ላይ መቀመጣችንን ነገርኳቸው፤ እሳቸውም እዚያው ወንዝ ላይ ሁለቴ እንደተቀመጡ ያኔ ተናዘዙ።

ልጃቸው ሳቫና መኪናዬ ድረስ አደረሰን። ከዚያ እስከ አትላንታ አራት ሰዓት ነዳሁ። እነሱ አወሩ፣ አንቀላፉ፣ ደግሞ አወሩ። ሲወርዱ "ቻው" አሉኝ። ቻው አልኩ።

ሐሙስ፣ ስኮትዴል

ዛሬ አስካለ ቼክአፕ ነበራት። ከየካቲት ጀምሮ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ለዛሬው አልደወለችልኝም። ቢሆንም ሁለት ሰዓት ላይ ደጇ ደረስኩ። የራህመት መኪና ሞተሩ በርቶ ቆሟል፤ አስካለ ከፊት ተቀምጣለች።

ፓርክ አድርጌ ወረድኩና መሃል መንገድ ላይ ቆምኩ። መመለስም መሄድም አቃተኝ። አስካለ በመስታወት አየችኝ። ተጠማዝዛ የኋላው ወንበር ላይ የተከመረውን የደንበኛ ልብስ ወደ አንድ ጎን ገፋችው። ገባሁ። ሆስፒታሉ እስክንደርስ ሁለቱም አላናገሩኝም፤ ስንወርድ ግን አስካለ ቦርሳዋን ያዥልኝ ሳትል ሰጠችኝ።

ተመረመረች። ውጤቱ በሚቀጥሉት ቀናት ይመጣል አሉ። ነርሷ አስካለን "አንቺን ካላገኘንሽ ለማን እንደውል?" ብላ ጠየቀቻት። አስካለ የራህመትን ቁጥር በቃሏ ሰጠች። እኔ ቦርሳውን አቅፌ ወለሉን አየሁ። የሚገባኝ ነው።

ነርሷ ስትሄድ አስካለ "ለሮማንስ?" አለች።

ራህመት ከስልኳ ቀና ሳትል፣ "እኔ እነግራታለሁ" አለች። "በዚያው ቀን።"

ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ። ድምፁንም ከፍ አድርጌዋለሁ።