ዓይኗን የጨፈነችውን ማርያም ለሣሉት ለመምህር ሊቪን ፋን ሆቨ

በቤልጅየም፣ በጌንት ከተማ የሸማኔ ሠፈር የእሑድ ሥዕል ትምህርት ቤት የተማሪዎች ማኅበር የመምህር ሊቪን ፋን ሆቨን ዕረፍት ለአባላቱ፣ ለደብሩ ምእመናንና ለሠፈሩ ነዋሪ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያስታውቃል። መምህራችን በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው በሳንባ ሕመም አርፈዋል። ሐዘናችን ጥልቅ ነው፤ ጸጸት ስላለበትም በተለመደው ቃል ብቻ የሚወጣልን አልሆነም።

መምህር ሊቪን እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት አስተምረዋል። የፋብሪካ ጥጥ ፀጉራችን ላይ ተጣብቆ የምንመጣውን ሁሉ “ክቡራን ሠዓሊዎች” እያሉ ይጠሩን ነበር። “ያየኸውን ማን ጠየቀህ? ዓይንህን ጨፍንና የቀረልህን ሣል” የሚለው ትእዛዛቸው አንድ ሙሉ ትውልድ ግራ አጋብቷል።

በ1892 ለደብራችን የብሥራት ሥዕል አበረከቱ። መልአኩ ክንፍ የለውም፤ በመስኮት የገባ ሰማያዊ ጭጋግ ነው። ድንግል ማርያም ዓይኗን ጨፍናለች። የአባላቱ አማካይ ዕድሜ ሰባ አንድ የሆነው የደብሩ ሽማግሌዎች ጉባኤ ጉዳዩን በሦስት ስብሰባ መረመረ። በቃለ ጉባኤው እንደሰፈረው ሊቀ መንበሩ አቶ ባልደዊን “ሊቪን፣ እንዲህ ያለ የምሥራች እየተነገራት እንዴት ታንቀላፋለች? በል ዓይኗን ክፈትላት” ብለዋል። መምህራችንም “አልተኛችም ጌታዬ፤ እየሰማች ነው” ሲሉ መልሰዋል። ጸሐፊው በዚሁ ስብሰባ ሁለት የጉባኤው አባላትም ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበር መዝግበዋል፤ ይሰሙ እንደነበር ግን አልገለጹም።

በ1893 ከፋሲካ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ እንደ ደንቡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕሎች ሁሉ በሐምራዊ ጨርቅ ተሸፈኑ። ፋሲካ ሲደርስ ሌሎቹ ተገለጡ፤ ብሥራቱ “ተረሳ”። ሽማግሌዎቻችን አልከለከሉም፣ አልፈቀዱምም፤ ረሱ እንጂ። አሥራ አንድ ዓመት ሳያሰልሱ መርሳት ቀላል ትጋት አይደለም። በዚህ መካከል እናቶች ለጨርቁ ሻማ ማብራት ጀመሩ፤ “የተሸፈነችው እመቤት” ተብላም የጥርስ ሕመም ትፈውሳለች ተባለ።

ባለፈው ጥር መምህራችን ከአልጋቸው ሆነው ማኅበራችንን አንድ ነገር ለመኑ፤ “ልጆቼ፣ ሳልሞት አንዴ ልያት። ሰማያዊው ምን ዓይነት እንደነበር ጠፍቶብኛል።”

ማኅበራችን ተሰበሰበ። ማመልከቻ አረቀቀ። “በትሕትና” የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይግባ ወይስ ሦስት ጊዜ በሚለው ላይ አንድ ሙሉ እሑድ ተከራከረ። ማኅተም እስኪቀረጽለት ደግሞ ሦስት ሳምንት ጠበቀ። ሽማግሌዎቹም በመጨረሻ “በፋሲካ ከሌሎቹ ጋር ይገለጣል” ሲሉ በጽሑፍ ፈቀዱ። አጨበጨብን። መምህር ሊቪን ይህ ሲነገራቸው “ፋሲካ መቼ ነው?” ብለው ብቻ ጠየቁ። ሦስት ቀን ሲቀረው አረፉ።

ጨርቁን ይዘውት የነበሩት አራት ትናንሽ ሚስማሮች ናቸው። ማናችንም ብንሆን ወንበር ላይ ቆመን በጣታችን እንነቅላቸው ነበር፤ መምህራችንም እስከ የካቲት መጨረሻ በጋሪ ለመምጣት አቅም ነበራቸው። በሽማግሌዎች ስንስቅ ኖረን፣ ተራው የእኛ ሲሆን ከእነርሱ ብሰን ሸመገልን። ማኅበሩ ይህን ጥፋት በማንም አያላክክም።

በፋሲካ ጠዋት ሥዕሉ ተገለጠ። ሰማያዊው አልደበዘዘም። እኛ እየተገፋፋን ስንንጫጫ አቶ ባልደዊን በምርኩዛቸው ወለሉን መትተው፣ “እናንተ ልጆች፣ ዝም በሉ! አትረብሿት!” ሲሉ ገሠጹን። ይህችን ቃል መስማት የነበረባቸው ሰው በመካከላችን አልነበሩም።

ለእህታቸው ለወይዘሪት ኮለታ፣ አብረዋቸው ላስተማሩና ከእርሳቸው ለተማሩ ሁሉ እግዚአብሔር ልብን የሚያሳርፍ መጽናናት እንዲሰጥ እንለምናለን። ማኅበሩም በሙሉ ድምፅ የሚከተለውን ወስኗል፦ ከእንግዲህ የታመመ ሰው “አሳዩኝ” ሲለን ማመልከቻ አንጽፍም፤ ወንበር ይዘን እንሄዳለን።

የተማሪዎች ማኅበሩ
ጌንት፣ ሚያዝያ 1904