ጋሽ ጥብቁና ሰማያዊዋ መኪና

ወዳጅ ዘመድ «ጋሽ ጥብቁ» እያለ የሚጠራቸው የፍሬን ባለሙያ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ተከተሏቸው። ሁለቱ በአንድ አልጋ እየተጋፉ አደጉ። አንዱ ሲቀጣ ሌላው አብሮ ስለሚያለቅስ እናታቸው «እነዚህን መቅጣት ትርፉ ራስ ምታት ነው» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1965 ዓ.ም. ከሙያ ትምህርት ቤት በመካኒክነት ተመረቁ፤ ቆየት ብለውም የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ያሰሩትን ብሎን ሁሉ ደግመው ስለሚያጠብቁ ጥብቁ የሚለው ስም የወጣላቸው እዚያ ነው። በ1970 ዓ.ም. ከነርሷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ቁጡ ነበሩ፤ ዛሬ ሞቱ ተብሎ አይደበቅም። ቁጣቸው ግን እንደ ክብሪት ነበር፤ ቦግ ብሎ ይጠፋል።

በ1983 ዓ.ም. ታክሲ ነጂው ወንድማቸው ሰማያዊ መኪናቸውን ለጥገና አመጡላቸው። ጋሽ ጥብቁ የፊት ቀኝ ጎማውን የፍሬን ቱቦ በአዲስ ቀየሩ። በሳምንቱ መኪናዋ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አላትና ከግንብ ጋር ተላተመች፤ ወንድማቸውም አንድ እግራቸውን አጡ። «ስታስረው ተጠምዝዟል፤ ከጎማው ጋር ሲፋተግ ተበሳ» ሲሉ ወንድማቸው ወቀሷቸው። ጋሽ ጥብቁ «እኔ እጄን አውቀዋለሁ፤ ቱቦውን የሠራውን ፋብሪካ ጠይቅ» ብለው ድርቅ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ። በእናታቸው ቀብር ላይ እንኳ አንዱ ከራስጌ፣ አንዱ ከግርጌ ቆመው ሳይነጋገሩ ተለያዩ።

ጋራዡ ተዘጋ። ጋሽ ጥብቁ እስከ ጡረታቸው ድረስ በመጋዘን ጠባቂነት ሲያገለግሉ እውነተኛ መኪና ዳግም አልነኩም። በዕረፍት ቀናቸው ግን በምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ከጫማ የማይበልጡ የመኪና ሞዴሎችን ይገጣጥሙ ጀመር። ከቀጭን ሽቦ የተገፈፈ ጥቁር ልባስ የፍሬን ቱቦ ይሆናል፤ ባለቤታቸው ከሚያመጡላቸው የሐኪም መርፌ የተቆረጠች ቀለበት ደግሞ የቱቦው ማሰሪያ ዳዶ ትሆናለች። ዳዶዋን ቱቦው ላይ ማጥለቅ ረስተው ሁለቱን ጫፍ በሙጫ ያጣበቁ ዕለት የሚያወርዱትን እርግማን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። በእውነተኛው የመኪና ቱቦ ላይ እንዳለው፣ በትንሹም ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ መስመር ያሰምሩበታል። መስመሩ ከዞረ ቱቦው ተጠምዝዟል ማለት ነውና ነቅለው ይጥሉታል። ባለቤታቸው «ከሆዷ ሥር ማን ጎንበስ ብሎ ሊያይልህ ነው?» ሲሏቸው አዲስ ቱቦ መቁረጥ ይጀምራሉ።

በ2014 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። አልጋ ላይ ሆነው የመጨረሻዋን ሞዴል፣ ሰማያዊዋን ታክሲ ሠሩ። ቱቦዎቿ ሁሉ ቀጥ ያሉ ሲሆኑ የፊት ቀኙ ብቻ መስመሩ ዞሮ ነበር። ታናሽ ልጃቸው በሕመሙ ምክንያት የተሳሳቱ መስሏት ልታስተካክለው ወረንጦ አነሳች።

«ተዪው። ያኔም እንደዚህ ነው ያሰርኩት። ሲዞር አይቻለሁ፤ ቸኩዬ ነበር» አሏት። ቀጥለውም «ለአጎትሽ ውሰጂለት» አሉ።

ልጅቱ ደንግጣ፣ ተናዳባቸውም መኪናዋን ይዛ ወደ አጎቷ ሄደች። አጎቷ መነጽራቸውን አድርገው መኪናዋን ገለበጧትና የዞረውን መስመር በጥፍራቸው ተከተሉት። «እኔማ አውቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከሱ መስማት ነበር የፈለግሁት። እመጣለሁ በዪው።»

ጋሽ ጥብቁ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ወንድማቸው አልደረሱም።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል አጎቷ ይህንኑ ለጻፈችው ለታናሿ ልጅ ደወሉላት። «ስንት ቀን ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ተቀመጥኩ መሰለሽ። መነሳት አቃተኝ። እባክሽ ልጄ፣ ወንድም እንዳለው ጻፊልኝ።»

ጋሽ ጥብቁ የአንድ ሰው ወንድም፣ ባለትዳር፣ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ወንድማቸውን ያጽናልን።