የወልደ ጻድቅ መኪና

ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስልኩን ለማያነሳው ልጄ ለብሩክ፤

እንደምን ከርመሃል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ ደህና ነን። ደህና ማለቴ ጤናችንን ነው እንጂ ቤቱስ ዕረፍት የለውም፤ እኔም እየተነሣሁ እየተቀመጥሁ ነው የምጽፍልህ። ደብዳቤውን ጎረቤታችን እናትዓለም ታደርስልሃለች፤ እህቷን ልትጠይቅ ወደዚያ ትመጣለች። ስልክ ብታነሳ ኖሮ እሷን ባላስቸገርኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትህ መኪና ገዙ። አዎ፣ አባትህ፣ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት። ድቁናህን ትተህ ሾፌር ልሁን ብትላቸው «መሪ ጨብጦ የሚያድር ልጅ የለኝም» ብለው ያስኮረፉህ ሰውዬ። ያገለገለ ነጭ ቪትዝ ነው፤ ሰሌዳው የአዲስ አበባ። ሳይነግሩኝ ሄደው ተዋውለው፣ ሻጩ ራሱ እየነዳ አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ አቆመው። ለምን እንደገዙት ብጠይቃቸው «ዕቃ ነው፣ ይቀመጣል» አሉኝ።

ስሙን ለማዛወርና የእኛን ክልል ሰሌዳ ለማውጣት አብረን መንገድ ትራንስፖርት ሄድን። ፋይሉ ከአዲስ አበባ መጥቷል፣ መኪናውም ምርመራውን አልፏል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ግን ውሉን አየችና ቀና አለች።

«አባባ፣ ወልደ ጻድቅ ማነው?»

«ልጄ ነዋ።»

«የሰጡኝ የመታወቂያው ኮፒ እኮ ብሩክ ይላል።»

ለካ ውሉን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። እሳቸው ባሉበት ማን ብዕር ይነካል! ገዥ በሚለው ላይ የክርስትና ስምህን በዚያ በሚያምር እጃቸው ቁልጭ አድርገው ጽፈውታል።

«ብሩክ የሰፈር ስሙ ነው» አሏት። «እኔ በየቅዳሴው የማነሣው ወልደ ጻድቅ ብየ ነው። እጄም የለመደው ይኸንኑ ነው።»

እኔ ከኋላቸው ቆሜ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ጠፋኝ። መኪናው የአንተ መሆኑን የሰማሁት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ከሄድህ ጀምሮ እቤት ስምህን አንሥተው አያውቁም፤ አኩርፈውሃል ብየ እኔም ውስጥ ውስጡን አኩርፌያቸው ነበር። ለካስ ሰውየው ሲያነሡህ ነው የከረሙት።

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ወይ ባለቤቱ መታወቂያውንና የክርስትና ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፣ ወይ ካለበት ውክልና ይላክና እናስተካክለዋለን አለችን።

«ውክልናውን ይላክ» አሉ አባትህ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «መምጣቱ ምን ሊሠራልኝ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብለው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት መኪናውን ጠበል ይረጩታል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ በተነሣ ቁጥር አቧራውን ሊጠርጉ ጨርቅ ይዘው ይወጣሉ። ሥሩ ልትተኛ ከገባችው ዶሮ ጋር ጠብ ገጥመዋል። መንገድ ላይ ሞተር ከተሰማ ደግሞ ምግባቸውን ትተው ደጅ ናቸው፤ «ነፋስ ልቀበል» ይሉኛል። እኔም ነፋስ እንደምቀበል ሆኜ ተከትያቸው እወጣለሁ። ባጃጅ ነው የሚሆነው።

በቀደም ከገበያ ስመለስ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በመሪው በኩል አይደለም፤ ከጎኑ ነው። ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ቀበቶውን አስረው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኋቸው።

«እየጠበቅሁ» አሉ። ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው ደግሞ «ዝናቡ እስኪያባራ» አሉኝ።

ዝናብ አልነበረም፣ ልጄ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ገባሁና ጓዳ ውስጥ አለቀስሁ።

ናፍቀኸኛል። የእኔን ናፍቆት ግን ታውቀዋለህ፣ አዲስ ነገር አይደለም። የክርስትና ወረቀትህ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ውክልናውን ብትልክ ሰሌዳው ይቀየራል፤ አልከለክልህም። ነገር ግን በዚህ ቤት መንዳት የሚችል ሰው የለም።

መንገድህን መድኃኔ ዓለም ያቅናልህ፤ ከክፉ አጋጣሚ፣ ከድካም እንቅልፍ ይሰውርህ። የምትጭነውም የምታራግፈውም በሰላም ይሁን።

እናትህ የብርጓል