የአያቴ ሁለት አባቶች

ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2003

የለም። ኮሪያ ዘምተው የሞቱትን ወታደሮች ዝርዝር ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ጉርሙ ፊጤ የሚባል ሰው የለም። ለእማዬ ምን ልበላት?

በቾ ቦሬ ሰፈር፣ የሰሚራ ኢንተርኔት ቤት ነው የዋልኩት። ገጹ እስኪከፈት የአሥር ተማሪ ደብተር አረምኩ። መብራትም አንዴ ሄዶ መጣ። ሰሚራ «ነገ ይገኛል፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ፤ ለሁሉም ደንበኛ የምትለው ናት።

እማዬ አባቷን አታውቀውም። ሲዘምት የሁለት ወር ልጅ ነበረች። ሴት አያቴ «ሞተ ያለኝ ሰው የለም» እንዳለች፣ ልቅሶ ሳትቀመጥለት ኖራ ሞተች። ሰፈሩ ደግሞ ሌላ ሚስት አግብቶ ቀረ ሲል ኖሯል። እማዬ ዘንድሮ ስልሳ ሊሞላት ነው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሞቶ ከሆነ አልቅሳ ይውጣላት።

ማክሰኞ

ነገርኳት። ወጡን ማማሰሏን አላቆመችም። «እንግዲያው ትቶን ነው የሄደው» አለች። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

የቀረኝ፦ ከጦር ሜዳ የመጣ ደብዳቤ (የለም)። ፎቶ (አንድ፣ ጀርባው ባዶ)። የአባቷ አብሮ አደግ አባ ዱራ፣ ሰኮሩ (በሕይወት ካሉ)።

ሐሙስ

አሉ! ጆሯቸው ከበድ ብሏል እንጂ ልባቸው ንቁ ነው። የአያቴን ስም ከነአባቱ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«ስሚ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ፣ ፊጤ ወለደው እንጂ አላሳደገውም። ያሳደገው ሆርዶፋ ነው፤ ጉዲፈቻ ነበር። ወታደር ቤት አባትህ ማነው ሲሉት ማንን ይጥራ?»

እኛ ታዲያ ፊጤን ከየት አመጣነው? ከጋብቻው። ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ሲቆጠር የሚቆጠረው ደም ነው፤ የሴት አያቴ ወገኖች ያወቁትም የወላጁን ስም ነው። ጉዲፈቻን ማንሳት ደግሞ ነውር ነው፤ ሁሉም አፉን ያዘ። ስልሳ ዓመት ሙሉ የሽማግሌ ጨዋነት ሲያንከራትተን ኖረ ማለት ነው። ተናደድኩ፤ ግን በማን ላይ?

ዓርብ

ጉርሙ ሆርዶፋ። አለ! ተራ ወታደር ይላል። የሞተበት ቀንም ተጽፏል፤ እማዬ ያኔ ገና መሄድ አልጀመረችም። በዝርዝሩ ሌላ ጉርሙ የለም፤ ሰኞ ፊጤን ብቻ ስፈልግ አልፌዋለሁ።

በደስታ ጮህኩ። የአያቴን ሞት አረጋግጬ እንዲህ መደሰቴ ወዲያው አሳፈረኝ። ሰሚራ ግን ገባት፤ «አላህ ይዘንለት» አለችና ወረቀቱን አተመችልኝ። ቤት ስደርስ እማዬ ዘንድ እንግዳ ስለነበር ደብተሮቹ መሀል ደበቅኩት።

ቅዳሜ

ጠዋት አሳየኋት። የፈረንጅ ፊደል አታውቅም፤ ጣቷን ይዤ ስሙ ላይ አኖርኩት። ጣቷን ሳታነሳ ብዙ ቆየች።

«ትቶን አይደለማ።»

«አይደለም፣ እማዬ።»

ፊቷን ታጥባ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ታደሰን አስጠራች። መቼ አረፉ ሲሉ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው አልኳቸው። ራሳቸውን አከኩ፤ ደንቡ ስለዚህ የሚለው የለም። ሳቄን እንደምንም ዋጥኩት። ደግነቱ ድንኳኑን ፈቀዱ።

እሑድ

የእድሩ ለፋፊ ከመውጣቱ በፊት መጥቶ የማን ልጅ ብሎ እንደሚጠራ ጠየቀ። እኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን ልነግረው ስል እማዬ ቀደመችኝ።

«ፊጤ የወለደው፣ ሆርዶፋ ያሳደገው በል። አንዱንም እንዳትዘል።»

ሲጠራ ከቤት ሆነን ሰማን። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ «አባዬ» ስትል ሰማኋት።